ወበቅና መዝገበ ቃላት

ከሰዓት በኋላ ነው፤ አየሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ቅጠላቸው አይነቃነቅም፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ልቤ ከብዶታል። ምክንያቱን ብጠየቅ ይኸ ነው ብዬ የምናገረው የለኝም። መጻፍ እምቢ ሲለኝ እንዲህ ያደርገኛል።

በዚህ መሐል የጎረቤቴ ልጅ፣ እንደ ድሬ ወግ «አንተ» እያለችኝ፣ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አጻጻፍ የሚያስተምር ነገር ኢንተርኔት ላይ የት አገኛለሁ? ያለኝ ይህ ስልክ ብቻ ነው።» ጥያቄዋ ደስ አሰኘኝ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ይህን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

መልስ መጻፍ ጀመርኩ። አሜሪካዊው ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የልብ ወለድ አጻጻፍ ትምህርት በዩቲዩብ በነጻ ለቆታል፤ ሴራ እንዴት እንደሚዋቀር፣ ገጸ ባህርይ እንዴት እንደሚቀረጽ እያብራራ ያስተምራል። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ትምህርቱን በሚለቅበት ድረ ገጽ፣ በኦፕንኮርስዌርም የጽሑፍ ኮርሶች አሉ፤ ክፍያ የለባቸውም። መተየብ ሲሰለቻት ደግሞ ጉግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል፤ እሷ ትናገራለች፣ ስልኩ ይጽፋል። ሕጉንም እንድታውቅ ፈለግሁ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የራሷ የፈጠራ ሥራ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ጀምሮ መብቱ የእሷ ነው፤ ኢኮኖሚያዊ መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ወጣቶች ድካማቸውን ለማንም አሳልፈው ሲሰጡ ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ከዚያ እጄ ቆመ። ምክሩ ሁሉ የተሰፋው በእንግሊዝኛ ልክ ነው። ባለቤቱንና ግሡን አታራርቅ፣ ሁለቱንም ከፊት አስቀምጥ ይላሉ። በእኛ ቋንቋ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰውየው በሩን ይክፈተው፣ ይዝጋው ወይም ይስበረው አንባቢው የሚያውቀው አራት ነጥቡ ሊደርስ ሲል ነው። ጎበዝ የአማርኛ ደራሲ አንባቢው ግሡን መጠባበቁን ይጠቀምበታል። ይህን የሚያስተምር ትምህርት እንዲኖር እመኛለሁ፤ ለዚያች ልጅ ከምንም በላይ የሚጠቅማት እሱ ነበር።

ለአማርኛ ጸሐፊ፣ እስከ ዛሬ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ነው። የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። እኔ ዘንድ ያለው ገጽ በገጽ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የሆነው ነው፤ ምስል ስለሆነ ቃል ጽፎ መፈለግ አይቻልም፣ መግለጥ ግድ ይላል። ቃላቱም የተደረደሩት በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ነው። አንዱን ቃል ስፈልግ ጎረቤቶቹን ማንበቤ አይቀርም፤ በልጅነቴ አያቴ አፍ ላይ የማውቀው፣ ከዚያ ወዲህ ሰምቼው የማላውቅ ቃል ድንገት ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ስልኩን አስቀምጬ ዝም እላለሁ።

ደግሞ እኮ እዚሁ ነበሩ! አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ይዘው ድሬዳዋ ተቀምጠዋል፣ በአልዓዛር ማተሚያ ቤት ሠርተዋል። ደስታም አብረዋቸው ነበሩ። የአለቃው መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በደስታ ድካም ነው። በዚህ ወበቅ፣ ያለ ማራገቢያ፣ ቃል ለቃል እየለቀሙ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለከተማዬ ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

ገበያ ሲወርዱስ ምን ሰምተው ይሆን? ትናንት ቀፊራ አንዲት ማንጎ ሻጭ ፊት ቆሜ ነበር። ከገጠር ማንጎ ካመጣላት ሰው ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፤ ለአንዲት ደንበኛዋ በሶማሊኛ ዋጋ ትነግራለች፤ ወደ እኔ ዞራ «ወላሂ፣ ከዚህ አልቀንስም» ትላለች፤ መልሴን እየቆጠረች በመሐል ልጇን ትቆጣለች። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው። ፊቷ ላይ አንዱን ቋንቋ ትቶ ወደ ሌላው የመሻገር ምልክት አይታይም።

የምጽፈው ልብ ወለድ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የቆመው እሷን የምትመስል ሴት ላይ ነው። ሁሉን በአማርኛ ባናግራት የማውቃት ሴት አትሆንም። እንዳለች ብተዋት የደብረ ማርቆስ አንባቢ መንገድ ላይ ይቀርብኛል። የግርጌ ማስታወሻ ንግግሯን ያቀዘቅዘዋል። እሷ በኦሮምኛ ስትናገር ሌላው በአማርኛ እንዲመልስላትና ነገሩ ከመልሱ እንዲገባ ሞክሬ ነበር፤ ለአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያምራል፣ ከዚያ ሰውየው የገደል ማሚቶ ይሆናል። ኦሮምኛዋን በእኛ ፊደል ልጻፈው እንዳልል፣ በኦሮምኛ የአናባቢ መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለውጣል፤ ፊደሉ ደግሞ ርዝመቱን አያሳይም። በቁቤ ብጽፈው በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መሐል ላቲን ሊገባ ነው፤ ያኔ ዓይን ባዕድ ነገር የገባ ይመስለዋል። እሷ አፍ ላይ ግን ባዕድ የሆነ ምንም አልነበረም። ታዲያ በምን ልጻፋት?