በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ መካከል የጠፉ ክሊፖች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ደወለችልኝ። የጥር ሙሽራ ናት፤ ቪዲዮዋን ካስረከብኩ ቆየሁ። «አያቴ ስትመርቀኝ ያለውን ብቻ ቆርጠህ ላክልኝ፣ ዱባይ ላለው ወንድሜ ነው» አለች። ስልኩን ሳልዘጋ ቪዲዮ የምቆርጥበትን ፕሮግራም፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭን፣ ከፈትኩ። «ሰርግ» የሚለው ስማርት ቢን (የመለያ ቃላቸውን፣ ማለትም ታጋቸውን፣ እያየ ክሊፖችን በራሱ የሚሰበስብ ፎልደር) ውስጥ ገብቼ «ምርቃት» ብዬ ፈለግኩ። አራት ክሊፕ ድርግም አለ። ደረቴን ነፋሁ። ማታ መልሳ ደወለች፦ «ከቤት ስንወጣ በር ላይ የመረቀችኝስ?»

ከየት እንደተነሳሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የፎልደሮቼ ስም «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የምር የመጨረሻ» ነበር። ሁለቱም ካሜራዎቼ ፋይላቸውን ከC0001 ይጀምራሉ። አንድ ቀን ሁለቱን ካርድ አንድ ፎልደር ውስጥ ገለበጥኩ፣ «ይተካ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። የማን የመልስ ቪዲዮ እንደጠፋ አልናገርም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ፎልደር አለው። ቀኑንም በቁጥር ነው የምጽፈው፣ 2016-05-19 እያልኩ። የወር ስም ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ በሀሁ ተራ ስለሚደረድር ሚያዝያ ከጥር በላይ ይቀመጣል።

ወደ አያትየው ልመለስ። የዚያ ሠርግ ፉቴጅ (ጥሬው ቀረጻ) 612 ክሊፕ ነው። ስማርት ቢኑ ውስጥ ያለውን ስቆጥር 371 ብቻ። 241ዱ የት ገቡ? ሁለት ሰዓት አፈጠጥኩ። የቀሩት ሁሉ ረዳቴ ታግ ያደረጋቸው ናቸው። ልጁ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ነው፤ «ሠርግ» ብሎ በንጉሡ ሠ ጽፏል። እኔ በእሳቱ ሰ። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን አንዱ በዩኒኮድ (ለየፊደሉ በተሰጠው መለያ ቁጥር) 1220 ሌላው 1230 ነው፤ ዝምድናም የላቸውም። ስማርት ቢኑ ያዘዝኩትን ብቻ ሰብስቧል። ኤዲቱን የሠራሁት በቀጥታ ከካርዶቹ ፎልደር ስለነበር ያኔ አልታየኝም።

የሚያናድደው ትክክል የጻፈው እሱ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የቆዩ ፕሮጀክቶችን ስከፍት ጉዱ ወጣ። «ጸሎት» እና «ፀሎት»፣ «እንሾሽላ» እና «እንሶስላ»። አንድ ቦታ ላይ «ምርቃት» ለማለት «ምርቃና» ብዬ ጽፌአለሁ። ሌሊት ነበር መሰለኝ፣ ምን እየቃምኩ እንደነበር አትጠይቁኝ።

አሁን የማደርገው ይኸው። ግድግዳዬ ላይ የዐሥራ ሁለት ቃላት ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ ከዚያ ውጭ ታግ የለም። ሁሌ እሳቱ ሰ፣ ሁሌ ሃሌታው ሀ፣ ሁሌ አልፋው አ፣ ሁሌ ጸሎቱ ጸ። የአማርኛ አስተማሪዬ ይቅር ይበሉኝ። ተመሳሳይ ክሊፖችን አንድ ላይ መርጬ ሜታዳታው (ስለ ክሊፑ የሚያዘው መረጃ) ውስጥ ኪዎርዱን፣ ማለትም ታጉን፣ አንዴ እጽፋለሁ፣ ሴቭ የምትለዋን እጫናለሁ። ሴቭን ረስቼ ሠላሳ ክሊፕ የደገምኩበት ቀን አለ። ለቆዩት ፕሮጀክቶች ደግሞ ስማርት ቢኑን «ከሁለቱ አንዱ ካለ ሰብስብ» ብዬ፣ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገብቼለታለሁ።

ክሊፕ በቀለም መለየትን የሚሰብኩ ሰዎች አሉ። እኔ አላምንበትም። ሐምራዊው ቅልቅል ይሁን ጥሎሽ ከሁለት ወር በኋላ ማን ያስታውሳል? ፊት እየለየ የሚመድበው የስቱዲዮ ሥሪትም የሚከፈልበት ነው፤ ባለነጻው ይበቃኛል። እያንዳንዱን ክሊፕ ታግ ማድረግም ጊዜ ማባከን ነው። ዳንሱን ተዉት፣ ዳንስ የትም አይጠፋም። የሚጠፋው ሽማግሌ ሲናገር፣ እናት ስታለቅስ ያለው ነው።

ታጉ ያለው ፕሮጀክቱ ውስጥ እንጂ ፋይሉ ላይ አለመሆኑን ግን እወቁ። ፕሮጀክቱን ካጠፋችሁት አብሮ ይሄዳል። ሜታዳታውን በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ ፋይል) አውጥታችሁ ከፉቴጁ ጋር አስቀምጡ። እኔ ይህን የማደርገው ትዝ ሲለኝ ብቻ ነው። የሚያዝያ ሁለት ሠርጎችም እስካሁን አንድ ታግ የላቸውም።

የበሩን ምርቃት አግኝቼ ልኬላታለሁ። ረዳቴ አሁንም በንጉሡ ነው የሚጽፈው። ወረቀቱን ባሳየው «ስሕተት ነው እኮ ጋሼ» ይለኛል። ስማርት ቢኑ ሁለቱንም ስለሚሰበስብ ዝም ብዬዋለሁ።