ሲሞቅ ማን ያዘው? በሙቀት ስለሚረጋ ጨርቅ እስካሁን የገባኝ

ሰላም ናችሁ ባለሙያዎች። ባለፈው ስለ መርፌ ቁጥር ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ተለያየን። ዛሬ ከመርፌው ወደ ጨርቁ ልውሰዳችሁ።

ለአዲሶቹ፦ ባሕር ዳር ነኝ፤ የባጃጅና የጭነት መኪና ሸራ እሰፋለሁ። እጄ ላይ የሚውለው ፖሊስተርና ናይለን ነው። አንድ ነገር ሁሌም ይከነክነኝ ነበር። ሁለት ሸራ አለ እንበል። ውፍረቱ ያው፣ ቀለሙ ያው። ስፌቱን በሙቅ አየር ስታጣብቀው አንዱ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል። ሌላው ዳር ዳሩ ይኮማተራል፤ ቀጥ ያለው ጠርዝ ይንሻፈፋል። ሻጩን ብትጠይቀው «የቻይና ስለሆነ ነው» ይልሃል። ሁለቱም የቻይና ናቸው እኮ!

ነገሩ ያለቀው ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሸራው መሠረት የሆነው የፖሊስተር ጨርቅ ከተሸመነ በኋላ፣ ላዩ ላይ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከመቀባቱ በፊት፣ በሙቀት እንዲረጋ ይደረጋል። የፋብሪካ ሰዎች ሂት ሴቲንግ ይሉታል። ይህ በደንብ ካልተሠራ፣ ጨርቁ ያልጨረሰውን ማጠር እኔ ሱቅ ውስጥ ይጨርሰዋል።

ለምን ያጥራል? ሰው ሠራሽ ክር ሲሠራ ቀልጦ በጥቃቅን ቀዳዳ ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያ የመጀመሪያ ርዝመቱን ብዙ እጥፍ እስኪሆን ይሳባል። ሲሳብ ውስጡ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ክሩ የሚጠነክረውም በዚህ ነው። ሰልፉ ግን በግድ ነው። ክሩ ስለቀዘቀዘ ብቻ ነው ባሉበት የቆዩት። እንደገና ሙቀት ሲያገኙ ይላላሉ፣ መጠቅለል ይጀምራሉ፣ ክሩ ያጥራል። ፖሊስተር መላላት የሚጀምረው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚቀልጠው 255 አልፎ ነው። የማርጋት ሥራ የሚሠራው በእነዚህ መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ ነው።

የሚሠራበት ማሽን ስቴንተር ይባላል። ጨርቁ ግራና ቀኝ ጠርዙ በመርፌ ወይም በመቆንጠጫ ተይዞ፣ በሁለት ሐዲድ ላይ እየተጓዘ፣ ተከታታይ የሙቀት ክፍሎችን ያልፋል። ሙቅ አየር ከላይም ከታችም ይነፋበታል። ሐዲዶቹ ይሰፋሉ ይጠባሉ፤ የጨርቁ ወርድ የሚወሰነው እዚያ ነው። ርዝመቱ ደግሞ በመግቢያው ይወሰናል። ጨርቁ ከሐዲዱ ፍጥነት በለጥ ብሎ ከገባ ለማጠር ቦታ ያገኛል። እኩል ከገባ አያገኝም። ሲወጣ ገና እንደተያዘ ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል። ከዚያ በኋላ ነው የሚለቀቀው።

ለፖሊስተር ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ነው። ቆይታው ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ቢሆን ነው። ናይለን ሁለት የተለመደ ዓይነት አለው፦ ናይለን 6 የሚባለው የሚቀልጠው 220 ገደማ ስለሆነ 190 አካባቢ ይበቃዋል። ናይለን 66 እስከ 260 ገደማ ስለማይቀልጥ ከፍ ያለ ይችላል። የማዳበሪያ ጆንያ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ግን 160 አለፍ ሲል ውሃ ይሆናል። እሱን ከ120 እስከ 130 ላይ ነው የሚያረጉት።

ሰው ስለዚህ ነገር ሲያወራ ዲግሪውን ነው የሚያወራው። እኔ ግን ብዙም ሳልቆይ ልቤ የሄደው ወደ መያዣው ነው። ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል፣ በቃ። ምን መልክ ይዞ እንደሚቀር የሚወስነው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ማን ያዘው የሚለው ነው። ፀጉር ቤት ያላት እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። «ኧረ አንተ! ቢጎዲን ጠቅልዬ ካስክ ውስጥ የማስቀምጣቸው ለምን መሰለህ? ሳይቀዘቅዝ ከፈታሁት እኮ ወዲያው ይረግፋል» አለችኝ። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ሙከራዬ ልግባ።

መጀመሪያ ናይለን። የመንጠቆ ክር ገዛሁ፤ ርካሽ ነው፣ ጣና ዳር ደግሞ አይጠፋም። አንዱን ቁራጭ ባዶ የሳልሳ ጣሳ ላይ ጠምጥሜ ጫፍና ጫፉን አሰርኩት። ሌላውን ልቅ አድርጌ ሁለቱንም የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው። ልቁ እየተጠማዘዘ አጠረ፤ በማስመሪያ ስለካው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ጎድሏል። ጣሳው ላይ ያለው ግን ማጠር ፈልጎ ስላልቻለ ቆርቆሮውን ነከሰው። ቋጠሮውን በጥፍሬም በጥርሴም መፍታት አልቻልኩም፤ በምላጭ ቆረጥኩት። ከቀዘቀዘ በኋላ ከጣሳው ሳወጣው ክብ እንደሆነ ቀረ። ቀጥ አድርጌ ስቤ ስለቀው ተመልሶ ይጠቀለላል። በቃ፣ ረግቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ውሃ ልብ በሉልኝ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማንዋሎች «በፈላ ውሃ ይፈተን» ሲሉ 100 ዲግሪ ማለታቸው ነው። ክር ሻጭ የሚሰጣችሁን የማጠር መጠን ድስት ጥዳችሁ ለማረጋገጥ ብትሞክሩ፣ የእናንተው አነስ ብሎ ቢወጣ አትገረሙ። ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው ይገላገላል፤ እሱ እዚህም ቢሆን ከ110 በላይ ይወጣል።

ናይለን በውሃ እንዲህ የሚታዘዘው ውሃ ስለሚጠጣ ነው። ውስጡ የገባው ውሃ ሞለኪውሎቹን ያላላቸዋል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀትም ይንቀሳቀሳሉ። ለናይለን በእንፋሎት ማርጋት የሚሠራው ለዚህ ነው። ፖሊስተር ውሃ የሚባል ነገር ብዙም አያስገባም፤ ደረቅና ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል።

የዓሣ መረብ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ይጠቀማሉ። መረቡ ተቋጥሮ ካለቀ በኋላ ተወጥሮ ይሞቃል፤ ቋጠሮው ይነክሳል፣ እዚያው ይረጋል። ያልረጋ ቋጠሮ ዓሣ ሲታገለው ይንሸራተታል፤ አንዱ የመረብ ዓይን ይሰፋል፣ ጎረቤቱ ይጠባል። ሐይቁ ዳር መረብ የሚጠግኑትን አንድ አባት አናገርኳቸው። አዲስ መረብ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ቋጠሮውን በሁለት አውራ ጣት ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። «ከሄደ አልገዛም» አሉኝ። ስለ እንፋሎቱ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። ብዙም የደነቃቸው አልመሰለኝም።

ቀጥሎ ጆንያ። ማዳበሪያው ካለቀ በኋላ በየቤቱ የሚቀረው ነጩ ጆንያ ማለቴ ነው። ለመማሪያ እንዲህ የሚመች የለም፤ ክሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ድሩና ማጉ በዓይን ይቆጠራል። የእንጨት ፍሬም ሠርቼ ዙሪያውን ቀጫጭን ምስማር መታሁበት። አንዱን ቁራጭ ምስማሮቹ ላይ ወጠርኩት፣ ሌላውን ልቅ አድርጌ ከጎኑ አስቀመጥኩት። በእስክሪብቶ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በድሩም በማጉም በኩል፣ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ 130 ዲግሪ።

ልቁ ቁራጭ እጁን ሰጠ። ጫፎቹ ወደ ላይ ተጠቀለሉ፣ 10 የነበረው ወደ 9 ተኩል ወረደ፣ ሲዳሰስም ወፈር አለ። የተወጠረው ላይ ግን የሚታየው ሌላ ነው። ልኩ ብዙም አልተነካም፤ ጉልበቱ የወጣው በምስማሮቹ ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ተለጥጠው ሞላላ ሆነዋል። በምስማርና በምስማር መካከል ያለው ጠርዝ ወደ ውስጥ ጎብጧል። መሐል ላይ የነበሩ ሁለት ቀጫጭን ምስማሮች ደግሞ ዘመም ብለዋል። ስስ ጆንያ እኮ ነው! ስቴንተር ለምን ያን ያህል ከባድ ሰንሰለትና ሐዲድ እንደሚያስፈልገው ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚያ ሁለት ቁራጭ ፍሬም ላይ ወጥሬ፣ አሙቄ አወዳደርኩ። አንዱን ትኩስ እያለ ከምስማሩ አላቀቅሁት፤ ሌላውን እስኪቀዘቅዝ ተውኩት። ትኩሱ ከእጄ ላይ እያለ ተሰበሰበ። የቀዘቀዘው ልኩን ይዞ ወጣ፤ ፈላ ውሃ ውስጥ ስከተውም እምብዛም አላጠረም። መብራትም አንዴ ረድቶኛል። ምድጃው እየሠራ ሄደ፣ እስኪመጣ ጨርቁ ፍሬሙ ላይ ቀስ ብሎ ቀዘቀዘ። ካገኘኋቸው ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነው። ፋብሪካ ላይ ግን መብራት ሲሄድ ቀልድ አይደለም። ማሽን ውስጥ የቆመው ጨርቅ ከሚገባው በላይ ይቆያል፣ ይደርቃል፣ ይበልዛል፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል።

ስለ መለኪያ አንድ ነገር። የምድጃው ቁልፍ የሚናገረው የአየሩን ነው፣ ያውም ከታመነ። ጨርቁ እዚያ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወፍራም ከሆነ የበለጠ። ከ30 ሴኮንዱ ገሚሱ ለማሞቅ ብቻ ሊያልቅ ይችላል። በሌዘር የሚያነጣጥር የኢንዱስትሪ ቴርሞሜትር ተዋሱ። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቅኑት የነበረው አይሆንም፤ እሱ የተሠራው ለሰው ትኩሳት ስለሆነ ከ40ዎቹ በላይ አያነብም። ሞክሬው ነው፤ ስህተት እያለ ይጮሃል።

ፖሊስተር ላይ ገና ጀማሪ ነኝ። ያገኘሁት የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ቁራጭ ነው፤ በመወጠሪያ የሚጠብቀው ሰፊው ማለቴ ነው። 150 ላይ ስጨምረው ያጠረው ለዓይን አይሞላም። ወደ 200 ሲጠጋ ግን መሰብሰብ ጀመረ። የረጋ ጨርቅ የሚታመነው እስከረጋበት ሙቀት ድረስ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደገና ይላላል። ስለዚህ ፋብሪካው ይህን ቀበቶ ያረጋው በእነዚህ መሐል ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማረ ጓደኛ አለኝ። ግምቴን ስነግረው ላብራቶሪ ውስጥ ይህን የሚያነብ መሣሪያ እንዳለ አስረዳኝ። ከክሩ ቅንጣት ይወሰድና ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ የሚወስደው ሙቀት በመስመር ይሳላል። ከመቅለጫው በፊት ትንሽ ጉብታ ትታያለች። የጉብታዋ ቦታ ጨርቁ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዲግሪ እንዳየ ይናገራል። ዘግይቶም ቢሆን ጨርቁ ይመሰክራል ማለት ነው። በጣም ነው የገረመኝ።

አሁን የእኔ ሸራ ነገር ግልጽ ሆነ። በፕላስቲክ የሚቀባ ሸራ፣ ቅቡ የሚበስለው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። መሠረቱ ያንን ሙቀት ቀድሞ ካላየ፣ ቅቡ ሲበስል ወይም በኋላ እኔ በሙቅ አየር ሳጣብቀው ይሰበሰባል። የማጓጓዣ ቺንጋም ያው ነው። ብዙውን ጊዜ ድሩ ፖሊስተር፣ ማጉ ናይለን ነው፤ ጎማው የሚበስለው 150 ዲግሪ አካባቢ በፕሬስ ሥር ነው። ያልረጋ ጨርቅ እዚያ ውስጥ ቢያጥር ቺንጋው ጠምዛዛ ሆኖ ይወጣል፤ ሮለሩ ላይ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ያስቸግራል። የማጣሪያ ጨርቅ ሲሆን ደግሞ በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ይለወጣል፤ ማጥለል ያለበትን አያጠልም።

የወረቀት ማሽን ጨርቅ፣ ማለትም ወረቀት ሲሠራ እርጥቡን ወረቀት የሚሸከመው፣ ግን ለብቻው ነው የሚያስደንቀው። ጨርቁ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ ክብ ይሆንና በሁለት ግዙፍ ሮለሮች መካከል ተወጥሮ እየዞረ ይሞቃል። በጉተታው ድሩ ቀጥ ይላል። ድሩ ላይ የነበረው መታጠፍ ወደ ማጉ ይዛወራል፤ ማጉ ጎበጥ ጎበጥ ይላል። ስለዚህ ጨርቁ ይረዝማል፣ ይጠባል። ከላይ የሚታየው ገጽ፣ ማለትም ወረቀቱ የሚያርፍበት፣ የትኛው ክር ከፍ ብሎ እንዲቀር የሚወሰነው በሽመናው ብቻ አይደለም፤ እዚያ ሮለር ላይም ነው። ሸማኔ ቤተሰብ ያላችሁ ይህችን አስቡባት።

ለመሞከር የተነሳችሁ፦ የተቀባ ሸራ ምድጃ ውስጥ እንዳታስገቡ። ፒቪሲ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ ነው። ያልተቀባ ጨርቅ ብቻ፣ በር ተከፍቶ፣ እንጀራና ዳቦ በማይገባበት ምድጃ። ካውያም በጆንያ ላይ አይሆንም። ለጥጥ የተሠራው ሙቀቱ 200 ይደርሳል፤ ጆንያው ካውያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዚያ የቤቱ ሰው ይጠይቃችኋል።

የቀረኝ የሸራው መሠረት የሆነውን ያልተቀባ፣ ያልረጋ ፖሊስተር አግኝቶ፣ አንዱን ወጥሮ አንዱን ለቆ 200 ላይ ማወዳደር ነው። ፍሬሙን ከብረት ማሠራት ሊኖርብኝ ነው፤ እንጨቱ መሰንጠቅ ጀምሯል። ጨርቁን በሜትር የሚሸጥ የምታውቁ ጻፉልኝ። እስካሁን የጠየቅኋቸው ሁሉ «ጥቅሉን ካልወሰድክ» እያሉኝ ነው፤ ጥቅሉ ደግሞ በሱቄ በር አይገባም።