ማንም ያልጠየቀኝ፦ የትኩረት መድኃኒት በጅማ ስሞክር

ካደጉ በኋላ የትኩረት ማነስ መድኃኒት መሞከር ጅማ ላይም ይቻላል። እኔ ሞክሬ ተሳክቶልኛል። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ወራት ባክነውብኛል። ያባከነብኝ በሽታው አይደለም፤ መድኃኒቱም አይደለም። ሙከራው የተያዘበት መንገድ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢመክረኝ ኖሮ ያ ሁሉ ውጣ ውረድ ባልኖረ ነበር። ይህን የምጽፈው ያን ሰው ስላጣሁት ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መርካቶ አካባቢ ባለ የቡና ንግድ ቤት የግዢ ደረሰኝ እመዘግባለሁ፣ የባንኩን ሒሳብ ከመዝገባችን ጋር አስታርቃለሁ፣ ሰኔ ሲመጣ ዓመቱን እዘጋለሁ። «ጎበዝ ናት፣ ቀልቧ ግን አይሰበሰብም» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አንዱን ቫውቸር ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላውን አነሳለሁ። ስልክ ይጠራል፤ አንስቼ ስመለስ የቱ ጋ እንደነበርኩ ጠፍቶኛል። ሰው ስንፍና ይለዋል። ሰነፍ ሰው ግን ያልሠራው ሥራ እንቅልፍ አይነሳውም። እኔን ሲነሳኝ ነው የኖረው።

ምርመራው ራሱ አላስቸገረኝም። የዓለም ጤና ድርጅትን ባለ 18 ጥያቄ መጠይቅ ሞላሁ። ምልክቶቹ 12 ዓመት ሳይሞላኝ የነበሩ መሆናቸውን እናቴ ተጠይቃ አረጋገጠች። ታይሮይድና ደም ማነስ ታይቶልኝ ደህና ሆነ። የታዘዘልኝ ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ብዙ ሰው ሪታሊን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። እህቴ «ይሄ አዲስ መጤ ነገር ምን ያደርግሽ ይሆን» ብላ ተጨንቃ ነበር። አዲስ መጤ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራ ነው። አጀማመሩም በትንሹ ነው። 5 ሚሊግራም ጠዋት፣ 5 ሚሊግራም ቀን፤ ከዚያ በየሳምንቱ እየታየ ይጨመራል።

ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ የጠየቅኳቸው ፋርማሲዎች አልነበራቸውም። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ ዞሮ ዞሮ አገኘልኝ። ለእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት የሚጻፈው ማዘዣ ልዩ ወረቀት ነው፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አልሠራም። ዋናው ወረቀት በሰው እጅ ነው የሄደው።

አሁን እስከ ዛሬ ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

መድኃኒቱን የጀመርኩት ሰኔ ላይ ነው። «ይሄ ወር ይመችሻል ወይ?» ያለኝ የለም። ለሒሳብ ሠራተኛ ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰኔ 30 መዝገቡ መዘጋት አለበት። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ በሰዓቱ የለም፣ ጀበናው ከእሳት አይወርድም። ማታ ማታ ደግሞ ጫት እይዝ ነበር። ይህን በግልጽ የምጽፈው እንደኔ በሯን ዘግታ የምትቅም ሴት ብዙ እንደሆነች ስለማውቅ ነው። ሌላው ለጨዋታ ይቅማል፤ እኔ የምቅመው ወንበሩ ላይ ለመርጋት ነበር። ለምን እንደሚያረጋኝ የገባኝ በኋላ ነው። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አእምሮ ውስጥ ለትኩረት የሚያግዝ ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል። ሜቲልፌኒዴት ደግሞ የተለቀቀው ዶፓሚን ቶሎ ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። ሁለቱ ሲገናኙ ልብና ግፊት ላይ ይደራረባሉ። በዚያ ላይ ቡናው አለ።

ካርዴ ላይ ዕድሜዬ፣ ቀበሌዬ፣ ሥራዬ፣ የጋብቻ ሁኔታዬ ሁሉ ሰፍሯል። ጫት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ነጠላ ለብሳ የመጣች ሴት አትቅምም ብለው ይሆናል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በየመንገዱ ዳር በሚሸጥበት ከተማ፣ ቡና ሦስቴ ካልተፈላ እንግዳ በማይሸኝበት ከተማ፣ አነቃቂ መድኃኒት ሲያዙ ይህን አለመጠየቅ ምን ይባላል? እኔ ይቅር ልለው አልቻልኩም።

የክትትል ቀጠሮዬ ቀን ተራ ስጠብቅ ረፈደ። በሩ ላይ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጋ አረፍ ብዬ ጠጣሁ። «ተራሽ ደርሷል» ሲሉኝ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ሲስተሯ በቅጡ ሳልቀመጥ የግፊት መለኪያውን ከነሹራቤ እጅጌ ጠመጠመችው። የልብ ምቴ 118 ሆነ። ግፊቴም ከፍ ብሏል። ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ባለሙያው ቁጥሩን አየ፤ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

«ልብሽ አልተቀበለውም። አቁሚ።»

«ዶክተር፣ ደረጃውን ሮጬ ነው የወጣሁት። ቡናም አሁን ነው የጠጣሁት።»

«ቡናማ ሁላችንም እንጠጣለን።»

«ትንሽ አረፍ ብዬ እንደገና ቢለካስ?»

«እህቴ፣ ውጭ ሰው ተሰልፏል።»

ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጫረ፦ መድኃኒቱ አልተስማማትም፣ ቆሟል።

ያቺ መስመር ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ከኔ ቀድማ ገባች። አንዱ ጋ ሄጄ ገና ሳልናገር «እዚህ ላይ አልተስማማሽም ይላል» አለኝ። ሌላው የድብርት መድኃኒት ሊያዝልኝ ፈለገ። ድብርት እንደሌለብኝ ስነግረው አዘነልኝ እንጂ አላመነኝም። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። መስከረም ጠባ። እኔ ወደዚያው ወደ ድሮው ሕይወቴ ተመለስኩ፤ ግማሽ የተመዘገበ ቫውቸር፣ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ደረሰኝ፣ ሌሊት የሚነሳ እንቅልፍ።

ስለ ልቤ መጨነቁ ልክ ነበር። ሜቲልፌኒዴት የልብ ምትም ግፊትም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ክትትል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ግን ግፊት የሚለካበት ሥርዓት አለው። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ጀርባን መደገፍ፣ እግርን መሬት ማስነካት፣ ክንድን ገልጦ በልብ ትይዩ ማሳረፍ፣ ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ባለሙያ ሁሉ የሚማረው ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱም አልተደረገልኝም። በተሳሳተ አለካክ የመጣ አንድ ቁጥር፣ መልካም ሊያደርግልኝ የሚችለውን መድኃኒት ለወራት ዘጋብኝ።

በመጨረሻ ያገኘኋት ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቡና በቀን ስንት ስኒ? ጫትስ?» የሚል ነበር። አልገረማትም፣ አልቆጣችኝም፤ ሁሉንም ጻፈችው። ኢሲጂ (የልብ ምትን በወረቀት ላይ የሚያሳይ ምርመራ) አዘዘችልኝ፤ ልቤ ደህና ነው። ከዚያ መድኃኒቱን ወዲያው አልሰጠችኝም። መጀመሪያ ጫቱን አቁሜ፣ ቡናውን ከቁርስ በኋላ አቦሉ ላይ ብቻ ወስኜ፣ ያለ መድኃኒት ምን እንደምመስል እንድመዘግብ አደረገች። ቡና የቀነስኩ ሰሞን ራሴን ክፉኛ አሞኝ ነበር። ያ ራስ ምታት መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ቢመጣ ኖሮ በመድኃኒቱ ይሳበብ ነበር። ይህን ሳስበው ነው የመጀመሪያው ሙከራዬ ምን ያህል ዋጋ እንዳልነበረው የሚገባኝ።

«የተሰማሽን አትጻፊ፤ የሠራሽውን ጻፊ» አለችኝ። ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ሌላ ቦታ የሰጡኝ ወረቀት «ምን ተሰማዎት?» እያለ ነው የሚጠይቀው። ጫትም እኮ ጥሩ ስሜት ይሰጣል። ምርቃና ላይ ሆኜ ሌሊቱን ሙሉ ሠራሁ ብዬ፣ ጠዋት ሳየው ዲቢቱ ከክሬዲቱ ጋር የማይገጥም ገጽ ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ያዝኩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሬ እስክነሳ ድረስ ስንት ቫውቸር እንደመዘገብኩ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ስንቱ ስህተት ተገኝቶበት እንደተመለሰ። ስህተቱን የሚቆጥሩልኝ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ገንዘብ ያዣችን ናቸው። መቼ እንደጀመርኩ፣ መቼ እንደተጨመረልኝ አልነገርኳቸውም።

በ5 ሚሊግራም የተለወጠ ነገር አላየሁም። በ10 ሚሊግራም አንድ ጠዋት የባንክ ማስታረቂያ ይዣለሁ። ስልክ ጠራ፤ ከአቅራቢ ጋር ስለ ጆንያ ቆጠራ ተነጋግሬ ዘጋሁ። ስመለስ ጣቴ ስቴትመንቱ ላይ ያው መስመር ላይ ነበረች። ከዚያው ቀጠልኩ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያን ቀን ነው ያየሁት። እትዬም በዚያው ሰሞን «ምን ነካሽ፣ የምመልስልሽ አጣሁ» አሉኝ። የሐኪም ወረቀት ከሚመሰክርልኝ በላይ ይህ ምስክርነት ኮራ አድርጎኛል።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። ፍሬው ፈጣኑ ዓይነት ስለሆነ የሚቆየው ሦስት አራት ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የወሰድኩት ወደ 6 ሰዓት ሲል ይለቀኛል፤ ያን ጊዜ ነገረኛ እሆናለሁ። የቀኑን ከምሳ በኋላ አዘግይቼ ከወሰድኩ ደግሞ ሌሊት ዓይኔ ፈጦ ያድራል። ምግብም ይዘጋል። ከመድኃኒቱ ጋር ያለው ወረቀት ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀድሞ መውሰድ ይመረጣል ይላል። እኔ ቁርሴን በደንብ ከበላሁ በኋላ ነው የምወስደው፤ ሐኪሜም ተስማምታበታለች። ከወሰድኩ በኋላ እንጀራ ፊቴ ቢቀርብ አላየውም።

በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ሙከራ አትጀምሩ እላለሁ። ጾሙን ተዉ ማለቴ አይደለም። ድካሙ ከመድኃኒቱ ይሁን ከባዶ ሆድ መለየት አይቻልም ለማለት ነው። ሰኔም ላይ፣ ፈተና ላይ፣ ቤት በሚቀየርበት ሰሞንም እንዲሁ። «ከወር በኋላ ተመለሽ» ብቻ ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ መጠኑ በሚጨመርበት ጊዜ ቢያንስ በየሳምንቱ ግፊት የሚለካበት መንገድ ይኑራችሁ። ደረት ከወጋችሁ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ ግን ደብተርም ቀጠሮም አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሂዱ።

ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአክስቴ ልጅ ለፈተና አንድ ፍሬ ለምኖኛል። አልሰጠሁትም። መሳቢያዬን ቆልፌ ነው የማስቀምጠው። ለኔ ልብ ኢሲጂ ታይቷል፤ ለእሱ አልታየም።

አሁን ጠዋት 10፣ ቀን 10 ሚሊግራም ላይ ረግቻለሁ። ያለፈው ሰኔ ያለ ጫት ተዘጋ። ካርዴ ላይ ያለችው መስመር አልተሰረዘችም። ከሥሯ ግን ሐኪሜ የመጀመሪያው ልኬት እንዴት እንደተወሰደ፣ እንደገና ሲለካ ምን እንደተገኘ ጽፋበታለች፤ ጠይቄያት ነው። እንዲህ ያለ መስመር የተጻፈባችሁ ካላችሁ፣ ከሥሯ ሌላ መስመር ሳይጻፍላችሁ ከዚያ ክፍል አትውጡ።