ሱሺ ልበላ ሄጄ ለቅሶ የተደረሰልኝ ዕለት

ጅማ ውስጥ የምወደው የጃፓን ምግብ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳም ሆነ አስተናጋጅ የለውም፤ የጓደኛዬ ሳሎን ነውና። ጓደኛዬ ለትምህርት ጃፓን ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ የዚያን አገር ምግብ ናፍቆት አብሮት ስለመጣ፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ሩዝ፣ የሩዝ ኮምጣጤ፣ ሶያ ሶስና ኖሪ የሚባለውን እንደ ወረቀት የሳሳ የደረቀ የባሕር አልጌ ያስመጣል። ዕቃው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዞ ጅማ በገባ ማግሥት ስልኬ ይጮኻል። «ምግብ ቤቱ ተከፍቷል» ይለኛል፤ እኔም ሒሳብ የማይጠየቅበት በመሆኑ ከከተማው ምግብ ቤቶች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የተከፈተው ለአራተኛ ጊዜ ስለነበረ ራሴን እንደ አዋቂ መቁጠር ጀምሬ ነበር። መጀመሪያ የተጋበዝኩ ቀን ጥሬ ዓሣ ሊያበላኝ ነው ብዬ ሌሊቱን ሳስብ ማደሬን አስታውሳለሁ፤ ቁርጥ ከሚጥሚጣ ጋር ሲቀርብለት ማንንም የማይጠብቅ ሰው ጥሬ ዓሣ ፈራ ቢባል ማን ያምናል? እርሱ ግን የሐይቅና የግድብ ዓሣ በጥሬው ሲበላ ጥገኛ ትል ሊያስከትል እንደሚችል፣ ሱሺ ለሚባለው የሩዝ ምግብ በጥሬው የሚቀርበውም በአብዛኛው የባሕር ዓሣ መሆኑን አስረድቶኝ፣ ከግልገል ጊቤ ግድብ የመጣውን ቆሮሶ አብስሎ አቀረበልኝ። እስከ ዛሬም የሚያደርገው እንደዚያው ነው፤ ሩዙን በኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው አጣፍጦ፣ ዓሣውን ከአቮካዶና ከኪያር ጋር በኖሪ ይጠቀልለዋል። አቮካዶ ማምጣት የእኔ ድርሻ ነው፤ ጅማ ላይ አቮካዶ ይዞ መሄድ እንደ ስጦታ የሚቆጠር ከሆነ ማለቴ ነው።

ቤቱ ደንብ አለው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ጠረጴዛውም እግሮቹን አናጢ ያሳጠራቸው ስለሆነ ወለል ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ተቀምጠን ነው የምንበላው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚወጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በምትታወቅ ከተማ ውስጥ ይህን ማድረግ ድፍረት ነው፤ የጓደኛዬ እናትም ፈጽሞ አልተቀበሉትም። «እኔ መሬት የምቀመጠው ለለቅሶ ብቻ ነው» ብለው በርጩማቸው ላይ ከበላያችን እንደ ዳኛ ይሰየማሉ። ይህችን ቃላቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ከሁሉም የከበዱት ግን የቾፕስቲክ፣ ማለትም ጃፓኖች የሚበሉባቸው የሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶች ሕጎች ናቸው። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ነውር ነው፤ ጃፓኖች እንደዚያ የሚያደርጉት ለሞተ ሰው በሚቀርብ ሩዝ ላይ ነውና። ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀባበልም እንዲሁ ክልክል ነው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች የሟቹን አጥንት የሚያነሡት በዚያ መንገድ ስለሆነ። ጓደኛዬ ይህን በነገረኝ ቁጥር የቀረበልኝን እንዳልበላ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ቅዳሜ ዕለት እናቲቱ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እናንተ ልጆች፣ አንድ ማዕድ ቀርባችሁ አንዳችሁ ሌላውን ሳያጎርስ የምትነሡት ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ። ጓደኛዬ የአጥንቱን ነገር አስረዳቸው። እርሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ «እኔ በእንጨት አላጎርስም፤ እጄን ታጥቤያለሁ» ብለው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። ሱሺን በእጅ መብላት ጃፓን ውስጥም ነውር ስላልሆነ የሚከለክላቸው ሕግ አልተገኘም። ከዚያም እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ ተጨምቆ በትንሽ ሳህን የተቀመጠውን አረንጓዴ ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ።

«ዋሳቢ ይባላል እማዬ፤ እንደ ሰናፍጭ ያለ ነው» አላቸው።

በእርግጥ አልዋሸም። ዋሳቢ፣ ሰናፍጭና ጎመን የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ በቱቦ የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋሳቢ የሚባለው በስሙ ብቻ ሲሆን፣ ከሌላ የሚያቃጥል ሥር፣ ከሰናፍጭና ከአረንጓዴ ቀለም የሚዘጋጅ ነው። ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። እኛ በምስር ፍሬ ልክ የምንነካውን ነገር፣ በየዐቢይ ጾሙ ስልጆ በእንስራ የሚያዘጋጁ ሴት «እንደ ሰናፍጭ ነው» ሲባሉ በማንኪያ ዝቀው ሱሺው ላይ አለበሱት። ጓደኛዬ አየ፤ አይቶም ዝም አለ። ይህን ዝምታ ይቅር አልኩት እንጂ አልረሳሁትም።

«በሞቴ፣ ልጄ!» አሉኝ። በሞታቸው ከተባለ በኋላ ምን አፍ ይዘጋል?

በርበሬ ጨዋ ነው፤ ምላስ ላይ ተቀምጦ እዚያው ያቃጥላል። ይኼኛው ምላስን እንኳ ሰላም ሳይል በጉሮሮ ዞሮ በአፍንጫ ሽቅብ ወጣና ዓይኖቼን ከኋላ ገፋቸው። ደግነቱ ሙቀቱ እንደ ሚጥሚጣ ስለማይሰነብት ከጥቂት ቅጽበት በኋላ መለስ አለልኝ፤ ክፋቱ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ሁለተኛው ጉርሻ ከአፌ ፊት መድረሱ ነው። «አንዱ ያጣላል፣ ሁለቱ ያስታርቃል፣ ሦስቱ ያፋቅራል» አሉ እናቲቱ፣ ለራሳቸውም አንድ ጎርሰው ያለ አንዳች ለውጥ እያላመጡ። «ትንሽ ቢብላላ ይሻለው ነበር።»

ከታረቅን በኋላ መሐረቤን ለማውጣት ሁለት እጅ አስፈለገኝ፤ ቾፕስቲኮቹንም የት እንዳደርስ ጠፍቶኝ ሩዜ ላይ ቀጥ አድርጌ ሰካኋቸው። ጓደኛዬ ያን ጊዜ ነው አፉ የተፈታው። «ንቀለው! የሞተ ሰው አደረግኸው እኮ! የሞተ ሰው!» ብሎ ጮኸ።

በሩ ክፍት ነበር። ለቡና የተጠሩት ጎረቤት ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ያዩትን ልዘርዝር፦ በር ላይ የተደረደረ ጫማ፣ ወለል ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ጎልማሳ፣ ጀርባውን እያሻሹ «አይዞህ ልጄ፣ ያልፋል» የሚሉ እናት፣ ከሁሉም በላይ «የሞተ ሰው» የሚል ጩኸት። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና «ምነው ሳትነግሩኝ!» ብለው እዬዬአቸውን ለቀቁት።

ማንም አለመሞቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣልኝም፤ እንባዬ ብቻ ወረደ። ይህን ሲያዩ አቀፉኝና ባሰባቸው። ጓደኛዬ ሳቁ አላስቀምጥ ብሎት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስለነበር፣ ከጀርባው ለሚያየው ሰው ከእኔም የባሰ ኀዘንተኛ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ያሉት ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ አንድ ልጅም የዕድሩን ዳኛ እንዲጠራ ተልኮ ከአጥር ወጥቶ ነበር።

«ማንም አልሞተም! ሰናፍጭ በልቶ ነው!» አሉ በመጨረሻ እናቲቱ፣ ከበርጩማቸው ተነሥተው።

ለቅሶው ቆመ። ጎረቤታችን ዓይናቸውን እየጠረጉ ፍራሹንም፣ ጠረጴዛውንም፣ እኔንም ተራ በተራ ተመለከቱ። «ታዲያ ለሰናፍጭ መሬት ይወረዳል?» አሉ፣ በከንቱ ባፈሰሱት እንባ ከልብ ተቆጥተው።

መልስ የሰጣቸው የለም። ለማስታረቂያ ሱሺው ለሁሉም ታደለ፤ ዱዓ ያደረጉት ሽማግሌ አራት ጎርሰው «ዓሣው ጥሩ ነው፣ የተጠቀለለበት ወረቀት ግን አልተላጠም» የሚል አስተያየት ሰጡ። ጓደኛዬ ለወራት ያጠራቀመው ኖሪ በአንድ ማታ አለቀ፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስም ሁሉም ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ቆዩ። ከበርጩማቸው ያልወረዱት እናቲቱ ብቻ ነበሩ።

ማክሰኞ ዕለት ሱሪዬን ልወስድ ወደ ልብስ ሰፊያችን ጎራ ስል፣ ሰውዬው ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «አላህ ሰብሩን ይስጥህ፤ ሰምቼ አዘንኩ» አሉኝ። ነገሩን ከጃፓን ጀምሬ ላስረዳቸው አሰብኩና ርዝመቱን ስገምተው ደከመኝ። «አሚን» አልኳቸው። የሱሪውንም ሒሳብ አልቀበልም አሉ።