ስህተት ለቀማ በጨረቃ መንገድ

የስታንሊ ኩብሪክን «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ለሦስተኛ ጊዜ ያየሁት ስህተት ልለቅም ብዬ ነው። ፊልሙ የወጣው በ1968 (እ.ኤ.አ.)፣ ሰው ጨረቃን ከመርገጡ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ደብተር ይዤ፣ ድምፁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሙዚቃው ካለ ይዞኝ ይሄዳል፤ ዝም ሲል ግን ዓይኔ የሰው አረማመድና ዕቃ ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ ያገኘሁት የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ዶክተር ፍሎይድ ወደ ጨረቃ ሲጓዝ ምግቡን በስትሮ የሚመጥበት ቦታ ነው። ሲለቀው የተመጠጠው ወደ ታች ይመለሳል። ክብደት በሌለበት ምን ያወርደዋል? «ተያዘ!» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

እህቴ አጠገቤ የካርቶን ጁስ እየጠጣች ነበር። «የኔም እኮ ይመለሳል» አለች።

«አንቺ መሬት ላይ ነሻ!»

መልስ አልሰጠችኝም። ካርቶኑን ከአፏ በላይ ዘቅዝቃ፣ ስትሮውን ወደ ታች አድርጋ መጠጠችና ለቀቀችው። ጁሱ ወደ ላይ ሸሸ! የተጨማደደው ካርቶን ወደ ቅርጹ ሲመለስ ይስበዋል ለካ። ስቱዲዮ ውስጥ ያወረደው የመሬት ስበት መሆኑን እኔ አሁንም እጠረጥራለሁ። ግን «ተያዘ» የሚለውን ሰርዤ የጥያቄ ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ በኋላ ስህተት ከመጻፌ በፊት «ሌላ ምን ሊያደርገው ይችላል?» እላለሁ።

ጨረቃ ላይ ያለው ስብሰባ ግን አያከራክርም። ስበቱ ከመሬት አንድ ስድስተኛ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ ቢሮ እንደሚገባ ሰው ይራመዳሉ። መንኮራኩሩ ሲያርፍ የሚነሳው አቧራም አየር እንዳለበት ቦታ ይትጎለጎላል። አየር በሌለበት ቀጥ ብሎ ተወርውሮ ነበር መውደቅ የነበረበት።

የወደድኩት የነብሩን ነው። በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል ምድረ በዳ ላይ አንድ ነብር ይታያል፤ ዓይኖቹ ቦግ ብለው ያበራሉ። ያ ምድረ በዳ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ከበስተኋላ ያለው መልክዓ ምድር ብርሃን በሚመልስ ትልቅ ስክሪን ላይ ከፊት የተጣለ ፎቶ ነው። ብርሃኑ በካሜራው መስመር ስለሚሄድ የነብሩ ዓይንም እንደ ስክሪኑ መለሰው፤ ሌሊት የመኪና መብራት ያረፈበት የጅብ ዓይን በሉት። ፍሬም በፍሬም እያሳለፍኩ ደጋግሜ አየሁት። ደብተሬ ላይ ግን ስህተት ብዬ ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ።