ለእናቴ ዎከር የሚሆን መንገድ

ከግቢው በር እስከ በረንዳው ያለውን መንገድ ምን እናልብሰው የሚለው ነገር ቤተሰቡን ሲያጨቃጭቅ ከረመ። ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ዝናቡም የዋዛ አይደለም። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትሄደው በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ ነው። "ፈረሴ" ትለዋለች። ፈረሱ ታዲያ ጭቃ አይወድም። እሷ ደግሞ በ21 ማርያምን ሳትሳለም ከቀረች ያን ቀን ቤት ውስጥ ሰላም የለም።

አፈራችን መረሬ፣ ጥቁሩ የጭቃ አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲዘንብበት ያብጣል፣ የዎከሩን እግር አንዴ ከያዘ አይለቅም። ባለፈው ክረምት ዎከሩን ገልብጬ እግሮቹ ጫፍ ላይ የተሰኩትን የጎማ ጫማዎች ሳያቸው በአንድ በኩል ብቻ ተበልተዋል፣ ሥራቸው ያለው ጥርስም በጭቃ ተደፍኖ ልሙጥ ሆኗል። (ዎከር ወይም ክራንች የሚይዝ ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ገልብጣችሁ እዩት። ጎማው ለብቻው ይቀየራል።)

እህቴ ሴራሚክ አለች። ያምራል፣ ለማጠብም ይቀላል። የጎረቤት በረንዳ ሴራሚክ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ደፋሁና ዎከሩን ጫን ብዬ ገፋሁት። ሸርተት ብሎ ሄደ። የሴራሚክ ወሬ እዚያው አለቀ። ታላቅ ወንድሜ የኮብልስቶን ሰው ነው። ኮብልስቶን ለጭቃ ፍቱን መሆኑን እኔም አልክድም፣ መኪናም ይችላል፤ ግን በድንጋዮቹ መሃል ያለው አሸዋ በጎርፍ ሲታጠብ ክፍተቱ ይሰፋና የምርኩዝ ጫፍ ይነክሳል፣ የዎከሩ ትንንሽ ጎማ በየድንጋዩ ይነጥራል፣ ብዙ የተረገጠው ድንጋይም እየተወለወለ ይሄድና ሲረጥብ ያንሸራትታል። ጠጠር ይረክስ ነበር፣ ጎማ ይሰምጥበታል። ተውነው። በመጨረሻ አርማታ ላይ ረጋን።

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልክ ሲመክረኝ ሳቄ መጣ። እነሱ ጋ ያለው ሰው በረዶው እንዲቀልጥለት ከኮንክሪቱ ሥር የሚሞቅ ገመድ ያስቀብራል። ሌላው ጨው ይበትናል፤ ጨውም ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ፣ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ኮንክሪቱን ይፈነቅለዋል አለኝ። እኛ ጋ በረዶ ቢጥልም ወዲያው ይሟሟል። የኛ ጠላት ጭቃውና ጥላ ሥር የሚበቅለው አረንጓዴ ዝልግልግ ነው። ሰውዬው ግን አንድ ቁም ነገር ጣል አደረገ፦ "መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚወርድ እይ፣ ከዚያ ስለ ማልበሱ ታወራለህ።"

እውነቱን ነው። የኛ አሸንዳ የሚተፋው ልክ መንገዱ ላይ ነበር። ቱቦ ቀጥለን ወደ ጓሮ ቦይ መለስነው። ጥቁሩን አፈር ቆርጠን አወጣን፣ በቦታው ገረጋንቲ ሞልተን ጠቀጠቅን፤ መረሬ ላይ በቀጥታ የፈሰሰ አርማታ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ወደ ጎን በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል በውሃ ልክ አየነው፣ ዝናቡ እንዳይተኛበት። ከዚያ በላይ ካጋደለ ደግሞ ዎከሩ ወደ አንድ ወገን ይጎትታታል። ስፋቱ 1.20 ሜትር ሆነ፣ አንድ ሰው ከጎኗ ሆኖ እንዲደግፋት።

ትልቁ ትግል ከግንበኛው ጋር ነበር። ሊሾ፣ ልሙጡን የሲሚንቶ ወለል፣ በመሥራት የታወቀ ሰው ነው። አርማታው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጥረግልኝ፣ መስመሩም የመንገዱን አቅጣጫ ሳይከተል አግድም ይሁን ስለው ሙያውን የሰደብኩበት መሰለው።

"ይሄን አይቶ ማን ሥራ ይሰጠኛል?"

እናቴ ከበረንዳው ሆና ትሰማለች። "ልጄ፣ የምሄድበት እኔ ነኝ። አሻክረው።"

"እሺ እማማ፣ እንዳሉ።"

ፊቱን አጥቁሮ ጠረገው። ጣት ሲያስኬዱበት የሚቆረቁር፣ ቀጭን ቀጭን መስመር ወጣለት። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሰን ለ7 ቀን ውሃ ስናጠጣው ሰነበትን። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ቶሎ የደረቀ አርማታ ግን ላዩ ዱቄት ይሆናል፣ ሻካራውም አብሮ ይረግፋል።

በረንዳው ላይ ደረጃ ነበር፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር። በእሱ ፈንታ ዳገት እንሥራ አልን፤ የዊልቸር መወጣጫ ደንብ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ስለሚል ዳገቱ 3.60 ሜትር ሊሆን ነው። ወንድሜ "ይሄ ሁሉ ለምን፣ በ1 ሜትር ይወጣል" አለ። ለእሱ ይወጣል! ቦታ ስለጠበበን በግድግዳው በኩል አስጠግተን ሠራነው፣ ጎማው እንዳያመልጥ ጠርዙን ትንሽ ከፍ አደረግነው፣ የውሃ ቧንቧ ብረትም ለመደገፊያ አስበየድን። ብረቱ ሲረጥብ እንደሚቀዘቅዝ ያየነው በኋላ ነው፤ እናቴ ጨርቅ ጠቀለለችበት።

አረንጓዴው ነገር በሐምሌ በግድግዳው ጥግ ብቅ ማለቱ አልቀረም። በረኪና በውሃ አቅጥኜ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ አጥበዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኔ ሥራ ነው፣ ማንም አይሻማኝም።

ከግቢው በር ውጭ ያለው የሰፈሩ ኮብልስቶን ነው፣ እዚያ ላይ መላ አላገኘሁም። ለጊዜው የባጃጁ ልጅ ወደ ኋላ እየነዳ አርማታው ጫፍ ድረስ ይጠጋላታል። ፈረሱን ከኋላ ይጭንና ይሄዳሉ።