ከስክሪኑ ጠርዝ የተቆረጠው ቁጥር፦ የሌሊት ፈረቃ 9ኛ ሳምንት

ሰላም ሰዎች። የሌሊት ፈረቃ ከጀመርኩ ዘጠነኛ ሳምንቴን ያዝኩ። ባለፈው ስጽፍ ያማረርኩት ስለ እንቅልፍ ነበር። እሱ እንዳለ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንዲት ቁልፍ ነው፤ ስለ ኤፍ2።

አዲስ ለገባችሁ፦ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ ሜይንፍሬም፣ ማለትም የትልልቅ ድርጅቶችን ግዙፍ ኮምፒውተር፣ መጠበቅ ነው። «እሱ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ። አይቢኤም በ1964 እ.ኤ.አ. ሲስተም 360 ብሎ ያስተዋወቀው ማሽን የልጅ ልጆቹ ዛሬም የባንክና የኢንሹራንስ ሒሳብ ሲሠሩ ያድራሉ። ድሮ ኦፕሬተሩ መልእክቱን እያነበበ በእጁ ይመልስ ነበር። አሁን አብዛኛውን የሚመልሰው አውቶሜሽኑ ነው። እኛ ዘንድ ኔትቪው በሚባል የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ላይ የተጫነው ሲስተም አውቶሜሽን አለ። ለእኔ የሚተርፈው እሱ ያልቻለው ነው።

ያልቻለው ነገር በቀለም ይመጣል። ኤስዲኤፍ የሚባል ስክሪን አለ። አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው። ቢጫና ሮዝ «ልብ በይ» ነው። ቀይ ሲሆን ቡናዬን አስቀምጣለሁ። ቀለሙ እንደ ዛፍ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ታች አንዲት ቅጠል ከቀላች ላይ ያለው የሲስተሙ ስም ራሱ ይቀላል። አንድ ስክሪን እያየሁ ስንት ሺህ ነገር መጠበቅ የምችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሬም ከዚሁ ነው የጀመረው። ቀለም ማየት ቀላል ስለሆነ ማንበብ ተውኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሠራሬ ይህ ነበር፦ ቀይ አያለሁ፣ አጭሩን መስመር አነባለሁ፣ የሚመለከተውን ሰው እደውልለታለሁ። ከእንቅልፉ የተነሣው ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቀኛል፤ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የመጣው? ሙሉ መልእክቱ ምን ይላል?» እኔ ደግሞ «ቆይ ልይ» እላለሁ። በሌሊት ቀስቅሰሽው «ቆይ ልይ» የምትይው ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቁታላችሁ።

አለርቱ (ማስጠንቀቂያው) ላይ ቆሜ ኤፍ2ን ስጫን የሚወጣው የዝርዝር ገጽ ብዙ አያምርም። የክፍሉ ስም፣ የሲስተሙ ስም፣ ቀለሙ፣ የቅድሚያ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን እንዳሳወቀ፣ ከታች ደግሞ ሙሉው ጽሑፍ። በዚያው ቦታ የተደራረቡ ካሉም «ከስንት ስንተኛው» እንደሆነ ይነግረኛል። መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ የወረቀት ሥራ አድርጌ ነበር የማየው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ አለርት ከአራት ሰዓት በኋላ ካለው ጊዜ ተነሥቶ የመጣ መሰለኝ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሰዓት ገና አልደረሰም! ለካስ ያ መልእክት የሚጽፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት ከግሪንዊች አራት ሰዓት ወደኋላ ነን። ስድስት ሰዓት እየደመርንና እየቀነስን ያደግን ሰዎች በዚህ መደናገር አልነበረብንም። እኔ ግን ተደናገርኩ። በኛው በሐበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግድግዳው ላይ 3 ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ 7 ሰዓት። አሁን ደብተሬ ሽፋን ላይ ሦስቱንም ጽፌ ለጥፌአለሁ።

ወደ ዋናው ሌሊት ልግባ።

ከዲቢ2 የሚመጣ ዲኤስኤንጄ110ኢ የሚባል መልእክት አለ። ዲቢ2 የውሂብ ቋቱ ነው፤ የሚያደርገውን ለውጥ ሁሉ ሎግ ላይ ይጽፋል። ሎጎቹ ሲሞሉ ወደ ማኅደር፣ እኛ ዘንድ ወደ ቴፕ፣ ይገለብጣቸውና ቦታ ያገኛል። መገልበጡ ከቆመና አንድ ባዶ ሎግ ብቻ ከቀረ ይህ መልእክት ይመጣል። «የመጨረሻው ሎግ ይህን ያህል በመቶ ሞልቷል» ነው የሚለው። በየ5 በመቶው እየደጋገመ ይጮኻል።

እኔ ያየሁት ግን ይህን አልነበረም። አጭሩ መስመር ቦታ ስለሌለው ጽሑፉን ይቆርጠዋል። «የመጨረሻው ሎግ...» ይልና ያልቃል። ቁጥሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው! ስለዚህ ለእኔ አንድ ዓይነት ሮዝ መስመር ደጋግሞ እየመጣ ነበር። «ይሄ ደግሞ ተጣበቀ» ብዬ አለፍኩት። የመልእክቱ መጨረሻ ፊደል «ኢ» መሆኑም አሳስቶኛል። ስሕተት ማለት መስሎኝ ነበር፤ ስሕተት ደግሞ በየሌሊቱ እናያለን። «ኢ» ማለት ለካስ ውሎ አድሮ የሰው እጅ የሚሻ ማለት ነው። «ኤ» አሁኑኑ እጅ የሚሻ፣ «ዲ» ውሳኔ የሚጠይቅ፣ «አይ» ለማወቅ ያህል።

በዚህ መሃል የሲአይሲኤስ (የደንበኞችን ግብይት የሚያስኬደው ፕሮግራም) ቡድን አንድ ነገር ቢጫ ሆነበትና እኔ እሱን አሳድድ ጀመር። ግራ ሲገባኝ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ጋሼ የምለው ከእኔ በፊት በዚህ ሥራ የኖረ የአገራችን ሰው ነው፤ አሁን በቀን ነው የሚሠራው። «ሲአይሲኤሱ ቢጫ ነው፣ ከላይ ደግሞ አንድ ሮዝ አለ» አልኩት።

«ቀለሙን ተይውና ጽሑፉን አንብቢልኝ» አለኝ።

ኤፍ2። ከ17 አንደኛው። «85 በመቶ ሞልቷል»፤ ሰዓቱ 3:10። ወደ ታች ወረድኩ። 80። 75። 70። ድምፄ እየቀነሰ መጣ። የመጀመሪያው 5 በመቶ ሲሆን የመጣው 2:06 ላይ ነበር። ጋሼ በስልክ ዝም ብሎ ቆጠረ፤ 80 በመቶ በ64 ደቂቃ፣ በአራት አራት ደቂቃ 5 በመቶ ማለት ነው። «የቀረሽ 12 ደቂቃ ነው፤ የምትጠይቂኝ ካለ አሁን ጠይቂኝ» አለኝ። ውሎ አድሮ ያልነው ፊደል!

ሎጉ 100 ቢደርስ ዲቢ2 አይወድቅም። ከዚያ የባሰ ነው፤ ቆሞ ይጠብቃል። መጻፍ የሚፈልግ ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል።

«ዲ አር በይ» አለኝ ጋሼ፤ ያልተመለሱ ጥያቄዎችን የሚያሳየው ትእዛዝ ነው። እዚያ ሁልጊዜ የሚቀመጡ ጥያቄዎች አሉ፤ መልስ ሳያገኙ ወር የሚከርሙ። ስለለመድኳቸው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከገባሁ ሰንብቻለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ግን የዚያ ሌሊት ነበር፦ ዲኤስኤንጄ008ኢ። «ሎጎች ሞልተዋል፣ ለማኅደር የሚሆን ባዶ ቴፕ እፈልጋለሁ፤ መሣሪያው ሲዘጋጅ ዋይ፣ ለመሰረዝ ኤን በሉ» ብሎ ይጠይቃል። ሌላ ጊዜ አውቶሜሽኑ ራሱ ነው «ዋይ» የሚለው። ለጥገና ተብሎ ደንቡ ጠፍቶ ነበርና መልሶ ያበራው ሰው አልነበረም። ጥያቄው ከአንድ ሰዓት በላይ ሰው ሲጠብቅ ቆይቷል።

የቴፑን በኩል አረጋገጥን፤ ደህና ነው። አር፣ የጥያቄው ቁጥር፣ ዋይ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ የማይመለከተኝን ጥያቄ «ዋይ» ብዬ ሌላ ጣጣ እንዳላመጣ። ከዚያ መጠበቅ። 90 በመቶ መጣ። ላብ በላብ ሆንኩ። ከዚያ ሎጉ ማራገፉን ጨረሰ የሚለው «አይ» ያለበት መልእክት ወጣ። ሲአይሲኤሱም ማንም ሳይነካው አረንጓዴ ሆነ። ያን ያህል ሳሳድደው የነበረው!

ከዚያ ወዲህ የለወጥኩት ይህ ነው። ስልክ ከማንሳቴ በፊት ኤፍ2 ተጭኜ ሰዓቱንና ሙሉውን ጽሑፍ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። የተደራረበ ካለ የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውንም አያለሁ፤ ዝርዝሩ የሚሰለፈው በቅድሚያ ቁጥር እንጂ በጊዜ ቅደም ተከተል ስላልሆነ ከላይ ያለው ቀድሞ የመጣው ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ልምድ ደብተሩ ጠቅሞኛል። የመልእክቶቹን መነሻ ፊደሎችም እያጠናሁ ነው፦ አይኢኤፍ የጆብ፣ አይኤስቲ የኔትወርክ፣ ዲኤፍኤች የሲአይሲኤስ፣ ሲኤስኪው የመልእክት ማመላለሻው የኤምኪው። ገና ከግማሽ አልደረስኩም።

ከኔትቪው የሃርድዌር አለርት ስክሪን ጋርም እየታገልኩ ነው። እዚያ የመስመሩን ቁጥር ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጣው የሚመከረው እርምጃ ነው፤ ዝርዝሩን ለማየት ከዚያ ዲ ማለት አለባችሁ። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር። «ሊሆን የሚችል ምክንያት» የሚለውን ዓምድም እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የምሰማው፤ አዳምጣለሁ፣ አጣራለሁ።

የተቆረጠውን መስመር ጉዳይ ለአውቶሜሽን ቡድኑ ጽፌላቸው ነበር፤ በመቶኛው ከፊት እንዲመጣ። ትናንት ሌሊት አዲሱን ለሙከራ አወጡት። አሁን «85» በመጀመሪያ ይወጣና የሲስተሙ ስም ነው የሚቆረጠው። ዛሬ ማታ እንደገና እጽፍላቸዋለሁ።